«ተሻግሮ ምልክቱን ይቀይራል» ቢቀርስ?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በወጣ ሰሞን ጋዜጦች ሁሉ አንድ ዓይነት ክርክር ይዘው ይወጣሉ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ ደግሞ ክርክሩ በርትቷል፤ የመጽሐፍ እጥረት፣ የመምህራን ደመወዝ፣ የወላጅ ክትትል፣ ኩረጃ። ሁሉም እውነትነት አለው። እኛ ጎንደር ከተማ ውስጥ ሒሳብና ፊዚክስ የምናስተምር መምህራን ግን ዛሬ ብዕር ያነሳነው በጣም ጠባብ ስለሆነችና በጥቂት ክፍለ ጊዜ ልትታረም ስለምትችል አንዲት ጥፋት ነው። ተማሪው ቀመሩ ተሰጥቶታል፤ ቁጥሮቹም ተሰጥተውታል፤ የሚፈለገው ነገር ግን ቀመሩ ውስጥ ተቀብሯል። ያንን ቆፍሮ አውጥቶ ለብቻው ማቆም አቃተው። የፊዚክስ መምህሩ «ሒሳብ አልተማሩም» ይላል፤ የሒሳብ መምህሩ «አስተምሬያለሁ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ጠማማው የተማሩት ደንብ ነው።

ደንቡን አንባቢም ያውቀዋል፤ «ከእኩል ይሆናል ምልክት ማዶ ሲሻገር ምልክቱን ይቀይራል» የሚለው ነው። ለመደመርና ለመቀነስ ይሠራል። ችግሩ ተማሪው ይህቺን ዐረፍተ ነገር ይዞ ወደ ማባዛትና ማካፈል ሲገባ ይጀምራል። 5 × ዋጋ = 200 ተብሎ የተሰጠው ልጅ 5ን ያሻግርና ዋጋ = 200 − 5፣ ማለትም 195 ይላል። ሌላው ማካፈል እንዳለበት ያስታውሳል፤ ነገር ግን «ምልክቱን ይቀይራል» ተብሏልና ለ−5 አካፍሎ ዋጋው −40 ብር ነው ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ሰነፎች አይደሉም፤ የተነገራቸውን በታማኝነት ፈጽመዋል። ቁጥር ወንዝ አይሻገርም። የሚሆነው ሌላ ነው፤ በሚዛኑ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተን በአንደኛው ወገን የነበረው ሸክም ሲራገፍ እናያለን። 5 × ዋጋ ለ5 ሲካፈል ዋጋ ብቻውን ይቀራል፤ 200ም ለ5 ተካፍሎ 40 ይሆናል። ማንም የተሻገረ የለም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃሉ አንድ ነገር እንበል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሚሆን ጥያቄው «እገሌን የቀመሩ ሰብጀክት አድርግ» የሚል ይሆናል። የእኛ ልጅ «ሰብጀክት» የሚባለውን የሚያውቀው የትምህርት ዓይነት ሲሆን ነው፤ ባዮሎጂ ሰብጀክት ነው፣ ታሪክ ሰብጀክት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ገና ከመነሻው ጨለማ ይሆንበታል። አማርኛው ግን በሰዋስው ትምህርት የተዘጋጀ ቃል አለው፤ «ባለቤት»። ዐረፍተ ነገር ባለቤት እንዳለው ሁሉ ቀመርም ባለቤት አለው። በስተግራ ለብቻው የቆመው፣ ሌላው ሁሉ ስለ እሱ የሚናገርለት ነው። ባለቤት በአንድ ጊዜ ከቤቱ ውስጥና ከቤቱ ውጭ ሊሆን አይችልም፤ ይህቺን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስባታለን፣ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነውና። ቀመሮቹን ከዚህ በታች በሙሉ የአማርኛ ቃል የጻፍነውም ሆነ ብለን ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ክፍያ = ቋሚ ክፍያ + የአንዱ ዋጋ × ፍጆታ የሚል የውኃ ቢል ቀመር አለን እንበል። ቋሚው 20 ብር፣ የአንድ ሜትር ኩብ ዋጋ 15 ብር፣ የተከፈለው 170 ብር ቢሆን (ቁጥሮቹ ለምሳሌ እንጂ የከተማው ታሪፍ አይደሉም) ፍጆታው ስንት ነው? መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በፍጆታ ላይ ምን ተደረገበት፣ በምን ቅደም ተከተል?» ነው። መጀመሪያ በዋጋ ተባዛ፤ ቀጥሎ ቋሚው ተደመረበት። የሚፈታው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ቅዳሜ ገበያ አህያ ጭኖ የመጣ ሰው መጨረሻ ያሰረውን ገመድ መጀመሪያ ይፈታል፤ ከሥር ያለውን ጆንያ ልሳብ ቢል ጭነቱ ሁሉ ይንዳል። እዚህም መጨረሻ የገባው መደመር ስለሆነ መጀመሪያ ቋሚውን ከሁለቱም ወገን እንቀንሳለን፤ ከዚያ ለዋጋ እናካፍላለን። ፍጆታ = (ክፍያ − ቋሚ) ÷ ዋጋ፤ 150 ÷ 15፣ 10 ሜትር ኩብ። ቅደም ተከተሉን የሳተው ተማሪ ግን ክፍያን ለዋጋ አካፍሎ ቋሚውን ይቀንሳል፤ 170 ÷ 15 − 20፣ ማለትም −8.67 ሜትር ኩብ። ቤተሰቡ ለውኃ ድርጅት ውኃ ሸጧል ማለት ነው። ማካፈልን አስቀድሞ መሥራት ክልክል አይደለም፤ ግን ማካፈሉ በዚያ ወገን ያለውን ሁሉ ማግኘት አለበት፣ ቋሚውንም ጭምር። ለጀማሪ ይህ መንገድ ወጥመድ ስለሚበዛበት አንመክረውም።

የሙቀት መለኪያው ቀመር ይኸው ወጥመድ በሌላ ልብስ ነው። ፋራናይት = 1.8 × ሴልሺየስ + 32። ሴልሺየስን ባለቤት ለማድረግ 32 ይቀነሳል፣ ከዚያ ለ1.8 ይካፈላል። 101.3 ፋራናይት የሚያሳይ ቴርሞሜትር ስንት ሴልሺየስ ነው ቢባል 69.3 ÷ 1.8፣ 38.5 ዲግሪ፤ ልጁ ትኩሳት አለው። አስቀድሞ ያካፈለው ተማሪ 24.3 ያገኛል፤ በዚያ የሰውነት ሙቀት ቆሞ የሚሄድ ሰው የለም። የሚያሳዝነው ስህተቱ አይደለም፤ 24.3 ጽፎ ሁለት መስመር አስምሮበት ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ማለፉ ነው።

መልሱን መልሶ ማየት የሚለውን ልማድ ለማስተማር ለጎንደር የምትመች አንዲት ግምታዊ ቀመር አለች። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በወጣን መጠን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የመፍላት ሙቀት = 100 − ከፍታ ÷ 300። ጎንደር ላይ ውኃ በ93 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ የባቄላ ንፍሮም ከቆላ ይልቅ ምድጃ ላይ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ከራስ ዳሸን አናት፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ላይ፣ ወደ 85 ዲግሪ ይወርዳል። አሁን ከፍታን ባለቤት እናድርግ። ተማሪው 100ን ይቀንስና መፍላት − 100 = ከፍታ ÷ 300 ብሎ ይጽፋል፤ ከከፍታ ፊት የነበረችው የመቀነስ ምልክት ጠፋች። በ300 ሲያባዛ ለ93 ዲግሪ የሚያገኘው −2,100 ሜትር ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በታች ሁለት ሺህ ሜትር ተቀበረች፤ ዳናክል እንኳ ከመቶ ሜትር ብዙም አያልፍም። ምልክቷ የጠፋችው ተማሪው የመቀነስ ምልክት የ100 ጓደኛ እንጂ የከፍታ ንብረት ስላልመሰለችው ነው። የምንመክረው ቀላል ነው፤ የምትፈልገው ነገር ከመቀነስ ኋላ ካለ መጀመሪያ እሱኑ በሁለቱም ወገን ደምረው፣ አዎንታዊ ይሁን። መፍላት + ከፍታ ÷ 300 = 100፤ ቀጥሎ ከፍታ ÷ 300 = 100 − መፍላት፤ በመጨረሻም ከፍታ = 300 × (100 − መፍላት)። 7 × 300፣ 2,100 ሜትር። ቅንፏን የረሳ 300 × 100 − 93 ብሎ 29,907 ሜትር ያገኛል፤ ይህ ደግሞ ከኤቨረስት ሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ቀጥሎ የምንፈልገው ነገር ታህት ላይ፣ ማለትም በክፍልፋይ ከመስመሩ በታች፣ ሲሆን። በዚህ ረገድ ከኤሌክትሪክ ምጣድ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። ኃይል = ቮልቴጅ² ÷ ሬዚስታንስ (ሬዚስታንስ ምጣዱ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቋቋምበት መጠን ነው)። ምጣዱ ላይ 220 ቮልት፣ 3,500 ዋት ተብሎ ቢጻፍ ሬዚስታንሱ ስንት ነው? እዚህ ላይ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ኃይልን ለቮልቴጅ² ያካፍላል፣ ግማሹ ያባዛቸዋል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች ታህት ላይ ያለውን በአንድ ዝላይ ለማውጣት ሞክረዋል። መውጫው ሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም ወገን በሬዚስታንስ አባዛ፤ ኃይል × ሬዚስታንስ = ቮልቴጅ² ይሆናል፣ ታህት የሚባል ነገር ጠፋ። ከዚያ ለኃይል አካፍል። ሬዚስታንስ = 48,400 ÷ 3,500፣ 13.8 ኦም ገደማ። ታህት ላይ ያለ ነገር መጀመሪያ ከታህት ይወጣል፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ያገኘ ተማሪ የቤቱን ጣጣ ማስላት ይችላል። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ፣ ሬዚስታንሱ ያው ነው ብለን ብንይዝ፣ ኃይሉ 32,400 ÷ 13.8 ሲሰላ 2,350 ዋት አካባቢ ይመጣል። ቮልቴጁ በአምስተኛ ገደማ ሲወርድ ኃይሉ በሲሶ ወረደ፤ ስኩዌሩ ነው ጉዱን የሠራው። እንጀራው ዓይን አላወጣ ያለበት ምክንያት ሊጡ ላይሆን ይችላል። ከዚሁ ቀመር ቮልቴጅን ባለቤት ማድረግ ለሚፈልግ ደግሞ ኃይል × ሬዚስታንስ ተባዝቶ የጠቅላላው ስኩዌር ሩት ይወሰዳል። የጠቅላላው ማለታችንን ልብ ይሏል። የኃይልን ስኩዌር ሩት ብቻ ወስዶ በሬዚስታንስ የሚያባዛ አለ።

ስኩዌር ሩት ከተነሳ ዘንድ ሮቶውን እናንሳ። ይዘት = 3.14 × ሬዲየስ² × ቁመት። ሁለት ሺህ ሊትር ማለትም 2 ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ታንከር ጣሪያ ላይ ለማስቀመጥ ስንት ሜትር ስፋት ያለው መቀመጫ ይበጃል? በሬዲየስ ላይ መጀመሪያ የተደረገው ስኩዌር ነው፤ ስለዚህ የሚፈታው መጨረሻ ነው። ሬዲየስ² = ይዘት ÷ (3.14 × ቁመት)፤ 2 ÷ 4.71፣ 0.425 ገደማ፤ ስኩዌር ሩቱ 0.65 ሜትር። ዲያሜትሩ 1.30 ሜትር ስለሆነ መቀመጫው ከዚያ ትንሽ ሰፋ ይበል። እዚህ ጋ ስህተቱ ከወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከካልኩሌተሩ ይመጣል። ተማሪው በትክክል ያወጣውን ቀመር 2 ÷ 3.14 × 1.5 ብሎ ያስገባል። መሣሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ ለ3.14 ያካፍላል፣ በ1.5 ያባዛል፤ ሬዲየሱ 0.98 ሆኖ ዲያሜትሩ ሁለት ሜትር ሊሞላ ይደርሳል። ታህት ላይ ሁለት ነገር ካለ ቅንፍ ግድ ነው፤ ወይም ሁለቴ ማካፈል፣ 2 ÷ 3.14 ÷ 1.5። በሬዲየስ ፈንታ ዲያሜትር የሚያስገባውንም አንርሳ፤ ይዘቱን በአራት እጥፍ አበዛው ማለት ነው፣ በሁለት እጥፍ አይደለም።

አሁን ወደ ገበያው፣ ባለቤቱ ሁለት ቦታ ወደሚገኝበት ጉዳይ። ጠቅላላ = ዋጋ + 0.15 × ዋጋ። ይህ በየደረሰኙ ላይ ያለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ጠቅላላው 2,300 ብር ከሆነ ከቫት በፊት ዋጋው ስንት ነበር? ብዙ ተማሪ፣ እንዲያውም ብዙ ነጋዴ፣ የ2,300ን 15 በመቶ ማለትም 345 ብር ቀንሶ 1,955 ይላል። ይህ ስህተት ነው፤ ቫቱ የተሰላው በዋጋው ላይ እንጂ በጠቅላላው ላይ አይደለም። 1,955 ላይ 15 በመቶ ጨምሩና እዩት፤ 2,248.25 ነው የሚመጣው። ቀመሩን ለማገላበጥ የሞከረው ተማሪ ደግሞ ዋጋ = ጠቅላላ − 0.15 × ዋጋ ብሎ ጽፎ ጨረስኩ ይላል። አልጨረሰም። ባለቤቱ በስተግራ ቆሟል፣ በስተቀኝም ተቀምጧል፤ ዋጋን ለማወቅ ዋጋን ማወቅ አለብህ ማለት ነው። መደረግ ያለበት ዋጋ ያለባቸውን ሁሉ በአንድ ወገን ሰብስቦ የጋራውን ማውጣት ነው። ዋጋ × (1 + 0.15) = ጠቅላላ። አሁን ዋጋ አንዴ ብቻ ታየ፤ ለ1.15 ይካፈላል። 2,300 ÷ 1.15፣ 2,000 ብር። 345 ሳይሆን 300 ብር ነበር ቫቱ። የትርፍም ነገር እንዲሁ ነው፤ ጋቢ በሩብ ትርፍ 1,500 ብር የሸጠች ሴት የገዛችበት 1,500 ÷ 1.25፣ 1,200 ብር እንጂ ሩቡ ተቀንሶ 1,125 አይደለም።

በየክፍሉ ሰሌዳ ላይ የምትሣለውን ሦስት ማዕዘንም ሳንነካት አናልፍም፤ ላይዋ ርቀት፣ ታችዋ ፍጥነትና ጊዜ፣ የምትፈልገውን በጣትህ ሸፍን የምትባለዋ። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት፤ ትሠራለች። ሁለት ነገር ተባዝተው ሦስተኛውን ሲሰጡ ብቻ ነው የምትሠራው። ፍጥነት = መነሻ ፍጥነት + አክስለሬሽን × ጊዜ በመጣ ዕለት ጣቱ የት እንደሚሸፍን ያጣል፤ ያኔ ምንም የተማረው ነገር አለመኖሩ ይገለጣል።

የተገላቢጦሽ ቀመሮችም አሉ። በትይዩ የተያያዙ ሬዚስታንሶች ላይ 1 ÷ ጠቅላላ = 1 ÷ አንደኛው + 1 ÷ ሁለተኛው። ተማሪው እያንዳንዱን ገልብጦ ጠቅላላ = አንደኛው + ሁለተኛው ይላል፤ 6 ኦምና 3 ኦም 9 ኦም ሆኑለት። መገልበጥ የሚቻለው በአንድ ወገን አንድ ክፍልፋይ ብቻ ሲቀር ነው። 1/6 + 1/3 = 1/2፤ አሁን ይገልበጥ፤ 2 ኦም። በትይዩ ሲያያዝ ጠቅላላው ከትንሹም ያንሳል የሚለውን የሚያስታውስ ልጅ 9ን ሲያይ ይደነግጥ ነበር።

ጤና ትምህርት ቤት ለሚገባው ደግሞ ነገሩ ከማርክ ያለፈ ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። የጠብታ ፍጥነት = መጠን × በሚሊ ሊትር ያለ ጠብታ ÷ ደቂቃ። 1,000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ፣ ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ከሆነ፣ 20,000 ÷ 480፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ። በደቂቃ 30 ጠብታ የምትጥል የ500 ሚሊ ሊትር ከረጢት መቼ ታልቃለች ቢባል ደቂቃን ባለቤት ማድረግ ነው፤ ታህት ላይ ስላለ መጀመሪያ ይባዛል፣ ከዚያ ለጠብታ ፍጥነት ይካፈላል። 10,000 ÷ 30፣ 333 ደቂቃ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሰዓትን በደቂቃ ቦታ አስገብቶ በደቂቃ 2,500 ጠብታ ያገኘ ሰው በቶሎ ይነቃል፤ ጠብታ ሳይሆን ፏፏቴ ነውና። አደገኛው ሳይነቃ የሚያልፈው፣ መልሱ እውነት የሚመስለው ስህተት ነው።

እዚህ ላይ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ማንሳት ግድ ይለናል፤ ጎንደር ላይ ስለ ቀመር ተጽፎ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመንና የበዓላት ስሌት፣ ካልተነሳ ጎደሎ ይሆናል። የአብነት ተማሪ ቀመር ማገላበጥን ስሙን ሳይጠራ ይሠራዋል። ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው) = 5,500 + ዓመተ ምሕረት፤ ዓመተ ምሕረትን ከፈለገ 5,500 ይቀንሳል። በዓላት የሚወጡባቸው ሁለቱ ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዕም፣ እንዲሁ ናቸው፤ አበቅቴ + መጥቅዕ = 30፤ አንዱን ካወቀ ሌላው ከ30 ሲቀነስ ይገኛል። የ2017 ዓ.ም.ን እንይ። ዓመተ ዓለሙ 7,517፤ ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው 12፤ አንድ ይነሣለትና ወንበሩ 11። 11 × 11 = 121፣ ከ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ትርፉ ብቻ ሲያዝ) አበቅቴው 1። 11 × 19 = 209፣ ሲገደፍ መጥቅዑ 29። ሲደመሩ 30።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። አበቅቴው 1 የሆነበት ዓመት ማን ነው? ከአበቅቴው ወንበሩን ማግኘት ይቻላል። ከወንበሩ ዓመቱን ግን አይቻልም፤ 1998ም፣ 2017ም፣ 2036ም ያው ወንበር 11 ናቸው፣ በየ19 ዓመቱ ይመለሳልና። መግደፍ፣ ማለትም ትርፉን ብቻ ይዞ ሌላውን መጣል፣ ተመላሽ መንገድ የለውም፤ የተጣለው የት እንደወደቀ ትርፉ አይናገርም። ዓለማዊው የሒሳብ ክፍል ይህን ቁም ነገር እምብዛም አያስተምረውም። ሁሉም ስሌት ተቃራኒ አለው ማለት አይደለም፤ ያለውም አንዳንዴ ሁለት መልስ ይዞ ይመጣል። ሬዲየስ² 0.425 ነው ሲባል −0.65ም ስኩዌሩ ያው ነው። አሉታዊውን የምንጥለው ሬዲየስ ርዝመት ስለሆነ እንጂ ሒሳቡ ስለከለከለን አይደለም፤ ስንጥልም ምክንያቱን መጻፍ ይገባል። እንዲሁ ሁለቱንም ወገን በተለዋዋጭ ስናካፍል ያ ተለዋዋጭ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አለብን። ርዝመት × ርዝመት = 4 × ርዝመት ሲባል ለርዝመት አካፍሎ 4 ብቻ የሚል ዜሮን ሳያውቅ ቀበረ።

ለመምህራን ባልደረቦቻችን የምንለው እነሆ። «ይሻገራል» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ፤ ቢያንስ ልጁ በሁለቱም ወገን አንድ ነገር መሥራትን እስኪለምድ። በየመስመሩ ቀኝ ጠርዝ ላይ ምን እንደሠራ ይጻፍ፤ «በሁለቱም ወገን 20 ተቀነሰ»፣ «ሁለቱም ለ15 ተካፈለ»። ወረቀት ይፈጃል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስህተቱ ከየትኛው መስመር እንደጀመረ በሰከንድ ይታያል፣ ማረሙም ይቀላል። ማርክም ለእርምጃው ይሰጥ። የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ እያየን ዜሮ ስንሰጥ አንድ ምልክት የሳተውንና ምንም ያልገባውን አንድ አደረግናቸው።

ቀመሩ ሲገለበጥ ልክ መሆኑን መፈተኛው ደግሞ ቀላል ቁጥር መስጠት ነው። ለውኃ ቢሉ ቋሚ 3፣ ዋጋ 5፣ ፍጆታ 7 ይሁኑ፤ ክፍያው 38 ይመጣል። አሁን በተገለበጠው ቀመር 38ን፣ 3ንና 5ን አስገብቶ 7 ከተመለሰ ደህና ነው፤ (38 − 3) ÷ 5፣ 7። የተሳሳተው ቀመር 38 ÷ 5 − 3፣ 4.6 ይላል፤ ተያዘ። ለዚህ ፈተና 1ን፣ 2ንና ዜሮን አትጠቀሙ። በ1 ማባዛትና ለ1 ማካፈል አንድ ናቸው፤ 2 + 2ም፣ 2 × 2ም፣ የ2 ስኩዌርም አራት ስለሆኑ ስህተቱን ይሸፍኑለታል። የተለያዩ፣ አንዱ ለሌላው የማይካፈሉ ቁጥሮች፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ ሌባ አያስመልጡም።

ሁሉን ነገር አስቀድሞ በፊደል መገልበጥ አለበት የሚል አክራሪነትም የለንም። አንዴ ብቻ ለሚሰላ ጥያቄ ቁጥሮቹን መጀመሪያ አስገብቶ ከዚያ መፍታት ምንም ነውር የለውም፤ ለደካማ ተማሪ እንዲያውም ይሻለዋል፣ 170 = 20 + 15 × ፍጆታ ከፊደሉ ይልቅ ዓይኑን አያስፈራውም። ቀመሩን መገልበጥ የሚያዋጣው አንዱ ስሌት አርባ ጊዜ ሲደጋገም ነው፤ ደረሰኝ የሚቆጥር ሒሳብ ሠራተኛ ኤክሴል ላይ አንዴ ጠቅላላ ÷ 1.15 ብሎ ጽፎ ወደ ታች ይጎትተዋል።

የዝግጅት ክፍሉ ፈቃዱ ከሆነ በተማሪዎች ዓምዳችሁ ይህቺን ብታወጡልን ደስ ይለናል። የአንድ ፔንዱለም የመወዛወዣ ጊዜ = 2 × 3.14 × የ(ርዝመት ÷ 9.8) ስኩዌር ሩት። ጊዜው 2 ሰከንድ እንዲሆን ገመዱ ስንት ሜትር ይሁን? መጀመሪያ ለ6.28 ይካፈል፣ ቀጥሎ ስኩዌር ይደረግ፣ መጨረሻ በ9.8 ይባዛ፤ አንድ ሜትር ለመሙላት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጎድለዋል። መጀመሪያ ስኩዌር አድርጎ 6.28ን ስኩዌር ማድረግ የረሳ ግን ከስድስት ሜትር በላይ ገመድ ይገዛል። ድንጋይና ሲባጎ ላለው ማንኛውም ክፍል መልሱ በዕለቱ ይረጋገጣል፤ አሥር ውዝዋዜ 20 ሰከንድ መፍጀት አለበት።

ከአክብሮት ጋር
የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን፣ ጎንደር